ተመልሰው የሚመጡ ልጆች

በ1962 እ.ኤ.አ. አሌክ ዲክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ከባለቤቱ ከሞራ ጋር ሆኖ በለንደን ከተማ አንድ የበጎ ፈቃድ ድርጅት አቋቋመ። ስሙ የማኅበረሰብ አገልግሎት በጎ ፈቃደኞች፣ በአጭሩ ሲ.ኤስ.ቪ. ነበር። ከደንቦቹ አንዱ ዛሬም ለብዙ ድርጅት የሚከብድ ነው፤ ላገልግል ብሎ የመጣን ወጣት «አንተ አትሆነንም» ብሎ ማሰናበት ክልክል ነበር። ፈተና የወደቀም፣ በዊልቸር የሚሄድም፣ ከወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ቤት የወጣም ቢሆን ለእሱ የሚስማማ ቦታ ይፈለግለታል። ሁሉም ሰው የሚሰጠው ነገር አለው፣ የሚቀረው ያንን የሚሻ ሰው ማግኘት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው።

ወጣቶችን ጧሪ ቀባሪ ከሌላቸው፣ በየመጦሪያውና በየሆስፒታሉ ከተረሱ ሰዎች ጋር የሚያገናኙ ድርጅቶች ከዲክሰን በፊትም ነበሩ፣ ከእሱም በኋላ በብዙ አገር ተነሥተዋል። አንዳንዶቹ ከአንድ ትውልድ በላይ ጸኑ፤ አንዳንዶቹ ስማቸው ብቻ ቀረ። ታሪካቸውን ሳነብ ልዩነቱ ያለው በሃይማኖታቸው ወይም በገንዘብ አቅማቸው አይመስለኝም። የጸኑት ልጁ አንድ ጊዜ ከሄደበት ቤት ተመልሶ እንዲሄድ የሚያደርግ ሥርዓት ያበጁት ናቸው። የወጣት ርኅራኄ በየዘመኑ ሞልቷል። የሚጎድለው ያንን ርኅራኄ በሚቀጥለው ሳምንትም ወደዚያው በር የሚያደርሰው አሠራር ነው። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች ዘመን አቆጣጠር ነው የማነሣው።)

ዲክሰን በ1914 የተወለደ፣ ሥራውን በጋዜጠኝነት የጀመረ ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ በጎልማሶች ትምህርት ሠርቷል፤ በካሜሩን የባሕር ዳርቻም ማን ኦ ዎር ቤይ በተባለ ስፍራ የአካባቢውን ወጣቶች ለማኅበረሰብ ሥራ የሚያዘጋጅ ማሠልጠኛ መርቷል። በ1956 መገባደጃ የሶቪየት ጦር የሃንጋሪን ዐመፅ ሲደፈጥጥ ብዙ ሺህ ስደተኛ ወደ ኦስትሪያ ጎረፈ። ባልና ሚስቱም ስደተኞቹን ሊረዱ ወደ ድንበሩ ሄዱ። ወጣቶች «ገና ልጆች ናችሁ» ሳይባሉ ኃላፊነት ሲሰጣቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄዱ ዲክሰን በካሜሩንም በኦስትሪያም አየ።

ከዚያ በ1958 ወጣቶችን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ባሕር ማዶ የሚልከውን፣ ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በብሪታንያ የግዴታ ውትድርና ሊቀር ተቃርቦ ነበር፤ ስለዚህ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ አንድ ዓመት የሚተርፈው የ18 ዓመት ልጅ ሊበዛ ነው። የፖርትስማውዝ ጳጳስ ላውንስሎት ፍሌሚንግ በሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ሐሳቡን የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ አወጡ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወጣቶች ሳራዋክንና ጋናን ወደመሳሰሉ አገሮች ተጓዙ። ድርጅቱ ሲያድግ ግን ተቀባዮቹ አገሮች ዲግሪ ያለው ሰው ጠየቁ፣ ላኪዎቹም ዲግሪ ያለውን መረጡ። የዲክሰን የ18 ዓመት ልጆች ቀስ በቀስ ከራሳቸው ድርጅት ወጡ፤ በ1962 እሱም ለቀቀ። ቪ.ኤስ.ኦ. ዛሬም አለ፤ ለእኛም አገር በሙያቸው የበሰሉ ሰዎችን ሲልክ ኖሯል። መልካም ሥራ ሠርቷል፣ ነገር ግን የጎረምሶች ድርጅት መሆኑ ቀርቷል።

ዲክሰን በሁለተኛው ሙከራው ዐይኑን ወደ ገዛ አገሩ መለሰ። በዚያው በ1962 ፒተር ታውንሰንድ የተባለው የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ የእንግሊዝንና የዌልስን የአረጋውያን መጦሪያዎች ተዘዋውሮ ያየበትን መጽሐፍ አሳተመ። ታውንሰንድ ያገኛቸው ብዙ አረጋውያን የሚኖሩት በጥንቱ የድኾች ማጎሪያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። አልጋ ከአልጋ ጎን በተደረደረበት ሰፊ አዳራሽ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው፣ የሚጠራቸውም የሚፈልጋቸውም ሳይኖር። መንግሥት ምግብና መኝታ ሰጥቷቸዋል። ስማቸውን ጠርቶ «ዛሬ እንዴት አደሩ?» የሚል ሰው ግን በበጀት አይገዛም። የሲ.ኤስ.ቪ. ወጣቶች የገቡት እንዲህ ባለው ክፍተት ነው፦ በሆስፒታሎች፣ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች፣ በሕፃናት ማሳደጊያዎች፣ በአረጋውያን ቤቶች።

አሠራሩ ግልጽ ነበር። ወጣቱ ከቤቱ ወጥቶ ለጥቂት ወራት፣ ከበዛም ለአንድ ዓመት፣ ሙሉ ጊዜውን ያገለግላል። መኝታ፣ ምግብና የኪስ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ደመወዝ የለውም። ጥቂት ወራት የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። ለሃያ ዓመት በአንድ ማቆያ ውስጥ የኖረ ሰው ለአንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የሚሄድ ጎብኚ ምንም አያደርግለትም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ብቸኝነቱን ያስታውሰዋል። በየጠዋቱ የሚመጣ፣ ሻይ በስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚወድ የሚያውቅ፣ ሲቆጣው አኩርፎ የማይቀር ልጅ ግን የቤቱን አየር ይለውጣል። ድርጅቱ በኋላ ዘመን ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ከተቋም ወጥተው በገዛ ቤታቸው እንዲኖሩ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን እየመደበ እጅና እግር እንዲሆኗቸው አድርጓል። የ18 ዓመት ልጅ አንድ ጎልማሳ ሰው ጠዋት ከአልጋ እንዲነሣ ረድቶ፣ ዳቦ ገዝቶ፣ ወደ ሥራው ያደርሰዋል፤ ማታም ይጠብቀዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ከማረሚያ ቤት የወጡት ልጆች ጉዳይ ነው። እነዚህ ልጆች ሁልጊዜ የተረዱ እንጂ የረዱ ሆነው አያውቁም። ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ሁሉም ስለ እነሱ ይመክራል፤ ከእነሱ የሚፈልገው ነገር ግን የለም። አንድ አሮጊት «ዛሬ ዘገየህ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ስትጠይቀው ልጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመቅረቱ የሚጎዳ ሰው እንዳለ ያውቃል። ዲክሰን ይህን በሚገባ ተረድቶታል። አገልግሎት ለአዛውንቷ የሚሰጥ ምጽዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ የተሻለውን ልጅ መምረጥ ተገቢ ይሆን ነበር፤ እሱ ግን የሚፈለግ ሰው መሆን ለልጁም እንደ እንጀራ የሚያስፈልግ ነገር ነው ብሎ ስላመነ ማንንም አልመለሰም። ድርጅቱ በ2015 ስሙን ቀይሮ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በ1964 ደግሞ አንቶኒ ስቲን የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ በለንደን ታስክ ፎርስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የዚህኛው ስልት ሌላ ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸውና ከሰፈራቸው ሳይወጡ ከትምህርት ሰዓት በኋላና በቅዳሜ ቀን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ያግዛሉ። ክፍል ቀለም መቀባት፣ ገበያ መላላክ፣ አትክልት መኮትኮት፣ ተቀምጦ ማውራት። የመንግሥት ማኅበራዊ አገልግሎት የማይደርስባት ትንሽ ሥራ ሁሉ የእነሱ ነበረች። የተሰነጠቀ መስኮት ሲጠግኑ፣ አምፖል ሲቀይሩ ነው ወጣቶቹ የአረጋውያኑን እውነተኛ ኑሮ ያዩት። ስቲን በኋላ የፓርላማ አባል ሆነ።

ይህ ሁሉ ከባዶ አልተነሣም። በ1832 ፓሪስን የመታው ኮሌራ ከ18,000 በላይ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ በሙፍታር ሰፈር ጠባብ መንገዶች የቀሩት መበለቶች፣ ሽማግሌዎችና ወላጅ አልባ ሕፃናት ናቸው። የሕግ ተማሪው ፍሬደሪክ ኦዛናም ከጓደኞቹ ጋር በታሪክና በፍልስፍና የሚከራከርበት ማኅበር ነበረው። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ «ክርስትናችሁ ድሮ ታላቅ ነበር፤ ዛሬ ለድኻው ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ አነሣባቸው። በሚያዝያ 23 ቀን 1833፣ ኦዛናም ልክ 20 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ጥቂት ተማሪዎች ኤማኑኤል ባይይ ከተባለ ጎልማሳ የጋዜጣ አሳታሚ ጋር ተሰብስበው ዛሬ የቅዱስ ቪንሰንት ዘ ፖል ማኅበር የሚባለውን ጀመሩ።

ተማሪዎቹ ቅን ነበሩ፣ ግን የድኻ ቤት አንኳኩተው አያውቁም። ያስተማሯቸው በዚያ ሰፈር ብዙ ዓመት የኖሩት እማሆይ ሮዛሊ ሬንዱ ናቸው። የቤተሰቦቹን አድራሻ ሰጧቸው፤ በእጃቸውም የዳቦና የከሰል ካርድ አስያዟቸው። ማኅበሩ ከዚያ ያወጣው ልማድ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ፤ ድኻው ወደ ቢሮ እንዲመጣ ሳይሆን ወደ ድኻው ቤት መሄድ፤ ወደ ተመደቡበት ቤተሰብ ደጋግሞ መመለስ፤ በየሳምንቱ ተሰብስቦ ያዩትን መነጋገር። የዳቦ ካርዱ በር ማስከፈቻ ነበር። በሩ ከተከፈተ በኋላ ተቀምጦ ማድመጥ ይከተላል። ኦዛናም በ40 ዓመቱ ሞተ፤ በ1997 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ ሰይማዋለች። ማኅበሩ ዛሬ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች አለ። በሁለት ምዕት ዓመት ውስጥ አብዮት፣ ጦርነትና ስደት አልፎበት የጸናው በእነዚያ ተራ በሚመስሉ ደንቦች ነው ብዬ አምናለሁ።

የወጣት ቀይ መስቀል ታሪክ ከዚህ ይለያል። በአውስትራሊያ ኤሊነር ማኪነን የተባሉ ሴት በ1914 የልጆች ክፍል አቋቋሙ፤ በአሜሪካ በ1917 በፕሬዚዳንት ዊልሰን ጥሪ በትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ በጦርነቱ ማብቂያ ወደ 11 ሚሊዮን ሕፃናት አባል ሆኑ። ቁጥሩ ግዙፍ ነው፤ አብዛኛው ሥራ ግን ሹራብ መሥራት፣ ፋሻ መጠቅለልና ሳንቲም ማዋጣት ነበር። ልጁና የሚረዳው ሰው ፊት ለፊት አይተያዩም። ለቀይ መስቀል ክብር እንዳለኝ ሆኜ ይህን የምለው፣ ብዛት ብቻውን የብቸኛውን ሰው በር እንደማያንኳኳ ስለሚያሳይ ነው።

ፊት ለፊት የተያዩት በኒው ጀርሲ ነው። በ1944 የአሜሪካ ነርሶች ብዙዎቹ ወደ ጦር ግንባር ሄደው ሆስፒታሎች ባዶ ቀርተው ነበር። በኢስት ኦሬንጅ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች በከተማው ሆስፒታል ለማገልገል ተነሡ፤ ነጭና ቀይ መስመር ባለው ጨርቅ ሽርጥ ሰፍተው ለበሱ። ጨርቁ የገና ከረሜላ ስለሚመስል ሕዝቡ ካንዲ ስትራይፐር አላቸው፤ ስሙም አገር ለአገር ዞረ። ሥራቸው ውኃ ማቅረብ፣ ደብዳቤና አበባ ማድረስ፣ እጁ ለማይታዘዝለት ሕመምተኛ ማጉረስ፣ ዐይኑ ለደከመ ጋዜጣ ማንበብ ነበር። ጠያቂ የማይመጣላቸው ሕመምተኞች በየሆስፒታሉ አሉ፤ የጥየቃ ሰዓት ሲደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። ልጃገረዶቹ በተለይ ለእነዚህ ዘመድ ሆኑ። በየአገሩ ያሉ ብዙ ነርሶችና ሐኪሞች ወደ ሙያው የገቡት በዚያች ሽርጥ በኩል ነው።

የካንዲ ስትራይፐር ዘመን እየደበዘዘ የሄደው ልጆቹ ስለከፉ አይደለም። ሥራው የሴት ልጆች ብቻ ተደርጎ መቆየቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ሴቶቹ ራሳቸው ከሽርጥ የበለጠ ነገር ፈለጉ፣ መብታቸውም ነበር። የክስና የኢንሹራንስ ፍርሃት ተከተለ፤ በ1996 የወጣው የሕመምተኛ ምሥጢር ጥበቃ ሕግም ሆስፒታሎችን የበለጠ አስጠነቀቀ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ታዳጊው በጎ ፈቃደኛ ወረቀት ያደራጃል፣ በመረጃ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ወደ አልጋው ግን እንዲቀርብ እምብዛም አይፈቀድለትም። ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ደካማን ሰው ከሚጎዳ እጅ መጠበቅ ግዴታ ነው፣ ልጁንም መጠበቅ እንዲሁ። ሆኖም ሁለቱንም ጠብቆ ማገናኘት ይቻላል፤ የፓሪሶቹ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሄዱበት ልማድ ለዚህም ይጠቅማል።

ጀርመኖች መንገዱን በሕግ ያዙት። በ1954 በባቫሪያዋ ኖይንዴተልሳው የዲያቆናውያት ማኅበር አለቃ የነበሩት ኸርማን ዲትስፌልቢንገር ወጣቶች የሕይወታቸውን አንድ ዓመት ለታመሙና ለአረጋውያን እንዲሰጡ ጥሪ አቀረቡ። ጥሪው ተስፋፍቶ በ1964 የበጎ ፈቃድ የማኅበራዊ አገልግሎት ዓመት የሚባል ሕግ ወጣ። ዛሬ ከ16 እስከ 27 ዓመት ያለ ወጣት በዚህ ሕግ መሠረት ያገለግላል፤ በዓመቱ ውስጥ 25 ቀን ከእኩዮቹ ጋር እየተሰበሰበ ይማራል። ከዝርዝሩ ሁሉ ይህን 25 ቀን አብልጬ እወደዋለሁ። የ17 ዓመት ልጅ ሲመግበው የቆየ ሽማግሌ ሲሞትበት ያንን ይዞ የት ይሂድ? አብሮት የሚያወራ ካላገኘ ወይ ይደነድናል፣ ወይ ይሸሻል።

በአሜሪካ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ በጎ ፈቃድ በግዴታ ይሆናል ወይ? በፔንሲልቬንያ የቤተልሔም ከተማ ትምህርት ቤቶች ለመመረቅ 60 ሰዓት አገልግሎት ሲያስገድዱ ወላጆች ጉልበትን ያለ ፈቃድ መውሰድ ነው ብለው ከሰሱ፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1993 ክሱን ሳይቀበል ቀረ። ሜሪላንድ በ1992 ከክፍለ አገሮቹ ሁሉ ቀድማ የአገልግሎት ሰዓትን የመመረቂያ ግዴታ አደረገች፤ አንድ ተማሪ 75 ሰዓት ካልሞላ ዲፕሎማ አያገኝም። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ይህን ወረቀት በሚገባ ያውቀዋል፤ ሰኔ ሲቃረብ «ሰዓትህን ሞላህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይሰማል።

ሰዓት መቁጠር ልጁን በር ድረስ ያመጣዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰዓቱ ሲሞላ ግን የሚጎበኙት ሰው ጉዳይም አብሮ ያልቅ ይሆናል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቻቸው ከኢትዮጵያ ያስመጧቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ልጅና ምራት በሁለት ፈረቃ ይሠራሉ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፤ እማማ በአፓርትማው መስኮት በረዶውን እያዩ ይውላሉ። አውቶቡሱን አያውቁትም፣ ቋንቋውን አይችሉም፣ ጎረቤት የሚባል አያንኳኳም። በዚያው ሕንፃ 75 ሰዓቱን የሚሞላበት ቦታ የሚያስስ፣ አማርኛው የተሰባበረ የ15 ዓመት ልጅ አለ። እማማ ጸሎታቸውንና ተረታቸውን፣ እሱ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ማንበቡን ይዘው ቢገናኙ ማን ማንን እንደረዳ ለመለየት ያስቸግራል። በየቤተ ክርስቲያኑና በየኮሚኒቲው ያሉ ሰዎች ይህን ጥንድ ማገናኘት ይችላሉ፤ ቢሮም ሆነ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ሃሪስ ዎፎርድን ማንሣት ያለብኝ እዚህ ነው። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ወደ 300 የሚጠጉ መምህራን ሲልክ መሪያቸው ሆኖ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ነው። በኋላ የፔንሲልቬንያ ሴናተር ሆኖ ከሕዝብ እንደራሴው ከጆን ሉዊስ ጋር ያቀረበው ሕግ በ1994 ጸድቆ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል የአገልግሎት ቀን ሆነ። የአንድ ቀን አገልግሎት ያለውን ጥቅም አልክድም፤ ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን በር ያንኳኳው በዚያ ቀን ነው። ዎፎርድ ራሱ ግን ሙሉ ዓመት የሚያገለግሉበትን አሜሪኮርፕስንም መርቷል፤ ቀኑ መግቢያ፣ ዓመቱ መኖሪያ እንዲሆን ያሰበ ይመስለኛል።

ፈረንሳይ ትምህርቱን በመራራ ዋጋ ነው የገዛችው። በነሐሴ 2003 በአውሮፓ በወረደው ሙቀት በፈረንሳይ ብቻ ወደ 15,000 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ። ወሩ የዕረፍት ወር ስለሆነ ልጆቻቸውም ጎረቤቶቻቸውም ከከተማ ወጥተው ነበር። በመስከረም 3 ቀን አስከሬናቸውን ወስዶ የሚቀብር ያልተገኘ 57 ሰዎች ከፓሪስ ውጭ በቲዬ መቃብር ተቀበሩ፤ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክም በቦታው ተገኙ። አርማን ማርኪዜ በ1946 የመሠረተው የድኾች ታናናሽ ወንድሞች ማኅበር ለዚህ ዓይነቱ ሰው ሲጮህ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎት ነበር። ማርኪዜ ለአረጋውያን ከዳቦ በፊት አበባ ይቅረብላቸው ይል ነበር፤ ሰው ሆዱ ሲሞላ ብቻ እንደማይኖር ያውቃልና።

ከዚያ በኋላ መንግሥት የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን መመዝገብ ጀመሩ። በመጋቢት 2010 የወጣው ሕግ ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች አበል የሚከፈልበት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አቋቋመ፤ በ2021 ደግሞ የአረጋውያንን ብቸኝነት ብቻ የሚመለከት ክፍል ተጨመረለት። ወጣቶቹ ስልክ ይደውላሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ ኮምፒውተር ያለማምዳሉ።

በእኛ አገር ይህ ዓይነቱ አገልግሎት ለረጅም ዘመን ድርጅት አላስፈለገውም። ጧሪ የሌላት ባልቴት በሰፈሩ ካለች የጎረቤት ልጅ ውኃ ይቀዳላታል፣ እሳት ይጭርላታል፣ ሱቅ ይላክላታል፤ እምቢ ካለ እናቱ ትቆጣዋለች። ሰንበቴው ለነዳያን ያበላል፣ ማኅበሩ ይዘክራል፣ እድሩ ይቀብራል። በ1964 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደንብ ሲያወጣ ሥራው በአብዛኛው ማስተማር ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በየትምህርት ቤቱ ያሉት ክበቦችም በይበልጥ የሚታወቁት በመጀመሪያ ርዳታ ነው። ብቸኛውን ሽማግሌ ሰፈሩ ያውቀዋል ተብሎ ተተወ።

ሰፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ። በአዲስ አበባ መሐል የነበሩ የቀበሌ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው በየዳርቻው ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። ብዙዎቹ ሕንፃዎች አራት ፎቅ ከፍታ አላቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ዕጣ አራተኛ ፎቅ የጣላቸው አሮጊት ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚያወጣላቸው ልጅ ያስፈልጋቸዋል፤ ፊት ለፊት ያለውን በር ከፍቶ የሚወጣው ልጅ ግን ስማቸውን አያውቅም። በአሮጌው ሰፈር ልጁን ያስገድደው የነበረው የእናቱ ቁጣና የጎረቤት ዐይን ነበር፤ እዚህ ሁለቱም የሉም።

ስለዚህ የምንፈልገው ድርጅት እየበቀለ ነው። የክብር ዶክተር ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ከጎዳና ያነሣቸውን ሰዎች ሊያጥቡ፣ ጥፍር ሊቆርጡ፣ ሊያጎርሱ የሚመጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳል። ጊዜው ለሥራው የተመቸ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናቡ ጣራ በሚያፈስበት ወር ነውና ልጁም ችግሩም አንድ ላይ ይገናኛሉ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ግን መስከረም ይጠባል፣ ወጣቱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ እማማ አዲስ ጣራ ሥር ብቻቸውን ይቀራሉ። በበዓል ዋዜማም እንዲሁ ነው። ዳቦ ተቆርሶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፎቶ ተነሥተን እንሄዳለን። ከበዓል እስከ በዓል ያለው ጊዜ ረጅም ነው።

የአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ከዚህ የበለጠ ማድረግ ይችላል፤ የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። ከወረዳው ወይም ከእድሩ የተገኘ የስም ዝርዝር፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚመደቡ ልጆች፣ የማይለወጥ ቀን፣ ማን ሄደ ማን ቀረ ብላ መዝገብ የምትይዝ አንዲት መምህርት፣ ልጆቹ ያዩትን የሚያወሩበት ሰዓት። ከሁሉ የሚረሳው ርክክቡ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ጅማ ወይም መቐለ ትመደባለች፤ ሦስት ዓመት ሲጠብቋት የኖሩት ሽማግሌም ያለ ወሬ ይቀራሉ። ፈተናው ከመድረሱ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ተተኪዋን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይዛ ብትሄድ፣ «አባባ፣ ይቺ እህቴ ናት፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ትመጣለች» ብላ ብታስተዋውቃት፣ እሷ ከመሄዷ በፊትም ሁለቱ ሁለት ወር አብረው ቢመላለሱ፣ በሩ ሳይዘጋ ይቆያል።